ይገባዋል እንጂ አይሞላውም

«ወንድሜ፣ አመጣህ?»

«አመጣሁ፣ ናኹዳ።»

ዓብዱልመጂድ መዳፉን ዘረጋ። የአሰብ ሰው ከቀትሩ ሐሩር ሸሽቶ በየጥላው ተጋድሟል። ከጨው ማምረቻው ጀርባ፣ ወደ ባሕሩ በገባው አሮጌ የእንጨት መሻገሪያ ላይ የቆሙት ሁለቱ ብቻ ናቸው። አንዱ ሳንቡክ በሚባለው የእንጨት ጀልባው የጦር መሣሪያ ከባሕር ማዶ የሚያሻግረው ናኹዳ፣ የጀልባው አዛዥ ዓብዱልመጂድ፤ ሌላው ሞተሩንም ሽጉጡንም የሚጠግንለት ደስታው።

ደስታው የውሸት ስሙ ነው። ለላኩት የጸጥታ ሰዎች «መልሕቅ» ነው።

ስድስት ጥይት አስረከበ።

«የድሮዎቹን የባሕሩ እርጥበት በልቷቸዋል። እነዚህ አዲስ ናቸው።»

ናኹዳው ከሽርጡ ሥር ስድስት ጎራሹን አወጣ። አሮጌ የእንግሊዝ ሽጉጥ ነው። የሆነ ሰው ድሮ የጥይት ማደሪያዎቹን ሞርዶ ጥልቅ አድርጓቸዋል፤ ስለዚህ ደስታው ያመጣው ረጅሙ የአሜሪካ ጥይትም ይገባዋል። ይገባዋል እንጂ አይሞላውም። የጥይቱ እርሳስ ከበርሜሉ ይቀጥናል፤ በርሜሉ ውስጥ የተቀረጸው ጥምዝ ቦይ አይነክሰውም፤ እየተንገዳገደ ይወጣና ወዳሻው ይሄዳል። ይጮኻል እንጂ አይመታም።

ናኹዳው አጉርሶ ሲያበቃ ሽጉጡን ወደ ጆሮው አስጠግቶ ነቀነቀ።

«ይንቀጫቀጫል።»

ደስታው ፈጠን ብሎ መለሰ።

«እንዳንተ ጥርስ ነው። ሥራ አያስፈታም።»

ዓብዱልመጂድ ሳቀ። የፊት ጥርሶቹ እውነትም ይነቃነቃሉ። «ከጎረሰ ይበቃል። የቀረው የእጄ ነው።»

ያን እጅ አሰብም የዒድ ከተማም ያውቀዋል። ከሚወዛወዝ ሳንቡክ ላይ ቆሞ የሚንሳፈፍ ጣሳ ይበሳል። የደስታው አለቃ ተክለጻድቅ «መጀመሪያ ሽጉጡን አምክንልን» ያለው ለዚህ ነው። «በሕይወቱ እንይዘዋለን። ቃሌ ነው።» ደስታው ያን ቃል አምኖ ነው፣ የናኹዳው ሚስት ዙሌይኻ የጠበሰችውን ዓሣ ከሰውየው ጋር ካንድ ትሪ ሲበላ የከረመው።

ከጨው ክምሩ ኋላ ሦስት ሰዎች ወጡ። መካከለኛው ተክለጻድቅ ነው።

አላጎነበሱም። አልተከለሉም።

ፊት ለፊት መጡ።

አንደኛው ሽጉጡን ደስታው ደረት ላይ ደገነ። ለማስመሰል ነው፤ ደስታው ያውቃል። ናኹዳው ግን አያውቅም።

«ከኋላዬ ሁን» አለና በክርኑ ገፋው።

ተኮሰ።

ከሰውየው ርቆ ጨው ቦነነ።

ደግሞ ተኮሰ። ባሕሩ ላይ ውሃ ተረጨ።

ዓብዱልመጂድ ሽጉጡን አላየም። እጁን አየ።

ሦስቱ ባንድነት ተኮሱ።

ደስታው የወደቀውን ሰው ጭንቅላት ጉልበቱ ላይ አሳረፈ።

«አውፍ በለኝ፣ ወንድሜ» አለ ናኹዳው። «ደርሼልህ ነበር። እጄ ከዳኝ።»

እጅህ አይደለም።

ቃሉ ከጉሮሮው ሳይወጣ የሰውየው ዓይን ፈዘዘ።

ከሳንቡኩ ወለል ሥር ጠብመንጃዎቹ ተገኙ። ሥራው ተፈጸመ።

«በሕይወቱ ብለውኝ ነበር» አለ ደስታው ተክለጻድቅን።

«ሲተኩስ አይተሃል።»

«እንደማይመታ ያውቁ ነበር።»

«ባናውቅ ፊት ለፊት እንወጣ ነበር?» ተክለጻድቅ ላቡን ጠረገ። «ችሎት ቆሞ የደንበኞቹን ስም ቢጠራ፣ የኛም ሰዎች ይገኙበታል። በል፣ ነገ ከዚህ ከተማ የለህም።»

በማግሥቱ ጫኔ በሚባል ሾፌር ካሚዮን ላይ አንድ ረዳት ተሳፈረ። ሌላ ሸሚዝ፣ ሌላ ስም።

ከአሰብ በሚወጣው መንገድ ደባይሲማ ከተማ ሲቃረቡ ጫኔ ወሬ አማረው።

«ያ ዓብዱልመጂድ፣ ጣሳ በሳሁ እያለ ሲያስወራ የኖረው! እዚህ እፊቱ የቆመ ሰው ስቶ ሞተ አሉ። ወደቡ ሁሉ ሲስቅበት ነው የዋለው። አልሰማህም?»

ረዳቱ መዳፉን ከሱሪው ላይ ፈተገ።

«ጥይቱ ነው» የምትል አንድ ቃል ትበቃ ነበር። የሟቹን ስም ትመልስለት ነበር። የተናጋሪውን ማንነት ግን ታወጣበታለች።

«ሰምቻለሁ» አለ። «እጁ ከድቶት ነው አሉ።»

ጫኔ ሳቀ።

ረዳቱም አብሮት ሳቀ።