ነጩ ወይስ ሰማያዊው መብራት

«አሚራዬ፣ ቶሎ መልሽልኝ። ሹፌሩ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው» ይላል የኸዲጃ የድምፅ መልእክት።

አሚራ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ ቆማለች። እረፍት ነው። የመካነ ሰላም ጉም ገና ስላልተገፈፈ ጣቶቿ ደንዝዘዋል።

ታላቅ እህቷ ኸዲጃ ጅዳ ውስጥ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። የቤቱ ልጅ ለትምህርት ሌላ አገር ሲሄድ የዓሣ ገንዳውን እሷ ላይ ጥሎት ሄዷል። ገንዳው ውስጥ ከዓሦቹ ሌላ ኮራሎች አሉ፤ ድንጋይ ይመስላሉ እንጂ ሕይወት አላቸው። ትናንት መብራታቸው ተቃጠለ። ሱቁ ሁለት ኤልኢዲ መብራቶች ላከ፤ አንዱ ነጭ፣ ሌላው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ። ኸዲጃ አንዱን አስቀርታ ሌላውን በሹፌሩ መመለስ አለባት።

«ማዳም “ከሞቱ ካንቺ ራስ አልወርድም” ብላኛለች። ወላሂ ጨንቆኛል። አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ የቱን ልያዝ?»

አሚራ የካርቶኖቹን ፎቶ አጉልታ አየች። እንግሊዝኛውን አነበበችው፤ ቁጥሮቹ ግን ምንም አልነገሯትም። «ነጩ ይሻላል፣ ደማቅ ነው» ብላ ጻፈች። ቢሞቱስ? አጠፋችው።

የባዮሎጂ አስተማሪያቸው ቢያድግልኝ ግቢው ውስጥ ከፋና ጋር ቆመዋል። ፋና የአሚራ የቅርብ ጓደኛ ናት፤ አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት።

«ቲቸር፣ ኮራል ምን ዓይነት መብራት ይስማማዋል?»

«ኮራል? ከየት አመጣሽው?»

«ኢንተርኔት ላይ አይቼ ነው።»

«እንደ ገንዳውና እንደ መብራቱ ይለያያል። ሳላይ ምን እልሻለሁ?»

ስልኩ እጇ ላይ ነዘረ። ኸዲጃ ናት። አሚራ ፋናን አየቻት። ለፋናም ለክፍሉ ልጆችም ያወራችው እህቷ ጅዳ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ መሆኗን ነው።

«የጠየቀችኝ እህቴ ናት» አለችና የመጀመሪያውን የድምፅ መልእክት ከፈተችው።

«ማዳም» የሚለው ቃል ሲሰማ ፋና ቀና አለች። አስተማሪው አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው አዳመጡ፤ ከዚያ ፎቶዎቹን ጠየቁ።

«እኔ ባሕር እንኳ አይቼ አላውቅም» አሉ። «ግን ኮራል ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች አሉ፤ ምግቡን የሚያገኘው በብዛት ከእነሱ ነው። እነሱ ብርሃን ይፈልጋሉ። ውሃ ውስጥ ጠልቆ የሚገባው ደግሞ ሰማያዊው ነው። እሱን ትያዝ። መቀነሻ አለው፤ በትንሹ ጀምራ ቀስ እያለች ትጨምር። ድንገት ከበዛባቸው ነጥተው ሊሞቱ ይችላሉ። የሱቁንም ሰው ትጠይቅ።»

ደወል ተደወለ። አስተማሪው ቀድመው ሄዱ።

«ለምን ሸወድሽኝ?» አለች ፋና።

አሚራ ዓይኗን ወደ ስልኩ መለሰች።

«ስንቴ ሰላም በይልኝ ብዬሻለሁ። እኔ ሰላም የምላት ነርስ ስለሆነች ነው እንዴ?» ፋና መልስ ሳትጠብቅ ወደ ክፍል ገባች።

ግቢው ባዶ ሆነ። አሚራ የድምፅ መቅጃውን ተጭና ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

«ኸዲ፣ ሰማያዊውን ያዢ። መጀመሪያ በጣም ቀንሺው፤ ከዚያ ቀስ እያልሽ ጨምሪ። ቲቸራችን ናቸው ያሉት፤ እሳቸውም ሙሉ በሙሉ እርግጠኛ ስላልሆኑ የሱቁን ሰው ጠይቂው።»

ጣቷን ከመቅጃው ሳታነሳ ቀጠለች።

«ደግሞ... ፋና ከደወለችልሽ፣ ነርስ ነኝ በያት ያልኩሽን ተይው።»

ጣቷን አነሳች። መልእክቱ ሄደ።