ከአንዲት ትእዛዝ ያላለፈው በር

ሟቹ፣ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ የተገኘው በማሽን ክፍሉ ውስጥ፣ ከበሩ ሥር ተደፍቶ ነው። የመክፈቻውን ቁልፍ ደጋግሞ ከመጫኑ የተነሣ አውራ ጣቱ ቆስሏል። ክፍሉ እሳት ሲነሣ አየሩ በጋዝ የሚተካ ነው፤ ጋዙን የሚለቀው ቀይ ቁልፍ ደግሞ ውጭ ኮሪደሩ ላይ ነው። ዛሬ ረፋዱ ላይ እሳት አልነበረም። ቀዩን ቁልፍ ሰው ነው የተጫነው። ውስጥ ላለ ሰው መውጫ አንድ ደቂቃ ይሰጠዋል፤ በሩ ከተከፈተለት ማለት ነው። ይህኛው አልተከፈተለትም። ከዚህ የከፋ ሞት አለ?

መርማሪዋ ስትደርስ ፖሊሶቹ ነገሩን ጨርሰውታል። የሟቹ የእህት ልጅ በካቴና ታስራ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች። መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ጉንዳን» ይሏታል፤ ከነከሰች አትለቅም።

«ምን አድርጋ ነው?» አለች ጉንዳን።

«በሩን የሚያዘው ኮምፒውተር ከርነል፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚመራው ዋና ፕሮግራም፣ የእሷ ሥራ ነው» አለ ፖሊሱ። «መዝገቡን ይዩት፤ የበሩ ፕሮግራም አንዲት ትእዛዝ ላይ ተቸክሎ ሚሊዮን ጊዜ ደጋግሟታል። ኮዱ አሁን ደህና ነው። አበላሽታ ገደለች፣ መልሳ አስተካከለች። ዕድሜ ልክ ይጠብቃታል።»

ጉንዳን ልጅቷ አጠገብ ቁጢጥ አለች። «እኔ በኮምፒውተር መሀይም ነኝ። እንደ ሕፃን አስረጂኝ።»

«የበሩ ፕሮግራም የድሮ ነው። አዲሱ ፕሮሰሰር፣ የኮምፒውተሩ አንጎል፣ አንዳንዱን ትእዛዝ አያውቀውም። የማያውቀው ሲመጣበት ይቆምና ከርነሉን ይጠራል። ከርነሉ በእሱ ፋንታ ይሠራለትና ፕሮግራሙን ወደሚቀጥለው ትእዛዝ ያራምደዋል።»

«ባያራምደውስ?»

«እዚያው ይመለሳል። ደግሞ ይጠራል፣ ደግሞ ይመለሳል። ፕሮግራሙ ቢሞት እንኳ በሩ በራሱ ይከፈት ነበር። ግን አይሞት፣ አይወጣ...» እንባዋ ቀደማት። «ወይኔ አጎቴን!»

«የድሮውን ፕሮግራም ማን ጻፈው?»

«ጋሼ። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አጎቴ አውጥቶ ሊጥለው ሲል፣ በከርነል አኖረዋለሁ ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ።»

ጋሼ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር አብረው ያረጁ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን እየወለወሉ ተቀበሏት።

«ከርነሉን መንካት የሚችለው ማን ነው?»

«እሷና እኔ። እኔ ግን ከተውኩት ቆየሁ። ልጅቷ እንደ ልጄ ናት፤ ምን ልበል? ልጅ ይቸኩላል።»

«ማራመድ የሚሉት ነገር ከባድ ነው?»

ጋሼ ሳቁ። «ምኑ ይከብዳል! ትእዛዝ ሁሉ ርዝመቱ አራት ባይት ነው፤ ባይትን የኮምፒውተር ስንዝር በይው። አራት ትራመጃለሽ፣ አለቀ ደቀቀ። ሠላሳ ዓመት እንዲሁ ነው የሠራሁት።»

የጥበቃው ሽማግሌ ሳይጠየቁ ነው የጀመሩት። «ይሄ በር ምን እንደነካው እንጃ! ትናንትማ ከመከፈቱ በፊት ጢጥ እያለ ጆሮዬን ሲያደነቁረኝ ዋለ። ሬሳውን ካወጣን ወዲህ ዱዳ ሆኗል። ይከፈታል፣ ድምፅ የለም።»

ጉንዳን ወደ ልጅቷ ተመለሰች። «ድምፁን ማን ጨመረው?»

«እኔ፣ ባለፈው ወር። ቦታ ለመቆጠብ በአጫጭር ትእዛዝ ጻፍኩት፤ እያንዳንዷ ሁለት ባይት ናት። ጋሼ አላነበቡትም። ‹በር እንጂ ወፍ አልሠራሁም› ብለው ተቆጡኝ።»

ከዚያ ሁሉንም በሩ ፊት ሰበሰበቻቸው። ኮሪደሩ ተቆልፏል፤ ማንም ንቅንቅ አይልም።

«የማራመጃ መስመርሽ እንዴት ነበር?»

«የትእዛዟን ርዝመት ይጠይቃል። ሁለት ከሆነች ሁለት፣ አራት ከሆነች አራት ይራመዳል።»

«አሁን ያለውን ባለሙያ አስነብቤያለሁ፤ አይጠይቅም» አለች ጉንዳን። «ዝም ብሎ አራት ይራመዳል። በሩን የሚከፍቱት የጋሼ ትእዛዞች አራት አራት ባይት ስለሆኑ በሩ ይከፈታል። ድምፁ ጋ ሲደርስ ግን ከርነሉ የሚሠራላት ትእዛዝ ሁለት ባይት ናት። አራት ሲራመድ ቀጣይዋን ይዘላታል። የተዘለለችው ድምፁን የምታሰማው ናት። እንግዲህ ገዳዩ መስመሩን አጥፍቶ በሩን አሰረ፤ ሰውየው ከሞተ በኋላ ግን ከራሱ ልማድ ጽፎ መለሰው። ሁለቷን ባይት በእጇ የጻፈች ልጅ ይህን ትሳሳታለች? ከርነሉን የሚነካው ደግሞ እሷ ካልሆነች እርስዎ ነዎት።»

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። ጉንዳን ከሟቹ ኪስ የወጣ ደብዳቤ ዘረጋች። «የጡረታዎ ነው። ‹ፕሮግራሙን ልጅቷ ይዛዋለች፣ እርስዎ ይረፉ› ይላል።»

«አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር። ሥራዬን እሷ ያዘችልኝ» አሉ ጋሼ። «ታዲያ እኔ ለምን እፈለጋለሁ? ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩት። አዎ፣ እኔ ነኝ።»

ፖሊሱ ካቴናውን ከልጅቷ እጅ ፈታ። እሷ ግን አልተነሣችም፤ «እርስዎ» ማለቱን ትታ ጋሼን ጠየቀቻቸው።

«እኔ እንደምታሰር ታውቅ ነበር?»

«አንቺማ ልጅ ነሽ» አሉ ጋሼ። «ዕድሜ ልክ እንኳ ቢፈርዱብሽ ከሃያ ዓመት በኋላ አንድ ቀን ትወጫለሽ ብዬ ነው።»

«አጎቴስ?» አለች። «እሱ በየት በኩል ይውጣ ብለህ ነበር?»

ጋሼ አንገታቸውን ደፍተው እጃቸውን ለፖሊሱ ሰጡ።