ሳልመጣ እንዳትነኪው

ቂሜ የሚለውን ስም ያወጣችላት ታናሽ እህቷ ናት። ስሙ አነሳት እንጂ አልበዛባትም። ልጅ ሳሉ ጸጉሯን የጎተተቻትን የጎረቤት ልጅ ዛሬም መንገድ ላይ ስታገኛት ሰላም አትላትም። እንግዲህ እንዲህ ያለችውን ሴት ነው አንድ ቴክኒሻን ጥሎ የጠፋው። የምትረሳለት መሰለው!

እህትማማቾቹ በቤታቸው የመንገድ ዳር ክፍል ጥልፍ ይሠራሉ። ማሽኑ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ነው፤ ኮምፒውተሩ ንድፉን ይልካል፣ መርፌው ይሮጣል። ይህን ሁሉ የገጠመላቸው ቴክኒሻኑ ነበር። ማሽኑ በተበላሸ ቁጥር እየተጠራ፣ ሳይበላሽም እየመጣ፣ ሳያስቡት ተዋደዱ። እሱ ሲጠግን እሷ እጁን እያየች ሥራዋን ትረሳለች። እሱ ደግሞ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ፣ የያዘው ብሎን ይጠፋበታል።

ላግባት ብሎ ሲጠይቅ ግን እናቷ «ብሎን መፍቻ ኪሱ ከትቶ ለሚዞር ሰው ልጄን አልሰጥም!» ብለው አባረሩት። ቂሜ ያን ዕለት ማሽኑ ላይ እንዳቀረቀረች ቀረች። ደነገጠች፤ ምን ትበል?

እሱም ሊወጣ ሲል ወደ ኮምፒውተሩ አመለከተ። «ይሄ ነገር አንድ ቀን ሲስተሙን አፕግሬድ አድርጊ ይልሻል። እሺ ካልሽው የጥልፉ ፕሮግራም አብሮ ይሞታል። ሳልመጣ እንዳትነኪው። ሲብስብሽ ደውዪልኝ» አላት። ወጣ፤ በዚያው ቀረ።

ኮምፒውተሩ በየጠዋቱ ይጠይቃል፦ «አሁን ይሻሻል? ወይስ በኋላ?» ቂሜም በየጠዋቱ «በኋላ» የሚለውን ትጫናለች። መደወሉንማ እንዴት ታስበው! «ጥሎ የሄደ እሱ፣ የምለምን እኔ? ሞቼ ነው!» ትላለች። ወራት አልፈው ዓመት መጣ፣ ዓመቱም አለፈ። ፍቅሯ ቂም ሆነ። ጣቷ ግን «በኋላ»ን መጫኑን አልተወም።

ኮምፒውተሩም አረጀ። በሥራ መሃል ስታክ አድርጎ ቀጥ ይላል፤ ደንበኛ የሚልከውን አዲስ ንድፍ አልከፍትም ይላል። በዚህ ሳምንት ደግሞ አንድ ሆቴል ለአንሶላዎቹ ሁሉ አርማ ሊያስጠልፍ መጣና፣ ንድፉ አልከፈት ብሎ ሥራው ከእጃቸው ሊወጣ ሆነ።

«በፈጠረሽ፣ እሺ በይውና ይገላግለን» አለች እህቷ።

«ፕሮግራሙ ቢሞትስ? ምን በልተን ልናድር?»

«አሁንስ ምን እየበላን ነው?»

ከሰዓት በኋላ ቂሜ ክር ልትገዛ ወጥታ ቴክኒሻኑን አየችው። ኬብል ትከሻው ላይ ጠምጥሞ ሱቅ በር ላይ ከባለሱቁ ጋር ይስቃል። ይስቃል! እሷ በእልህ ስትቃጠል እሱ ጥርሱን ያሰጣል! ክሩን ሳትገዛ ተመለሰች።

«ልጠራው ነው» አለች ለእህቷ። «በገዛ ጣቱ ነው የማስጫነው። ፕሮግራሙ ዓይኑ እያየ ይሙትበት! ያኔ የቤታችንን ጉሮሮ ዘጋህ ብዬ አዋርደዋለሁ። ሲጸጽተው ይኑር!»

«ማሽኑ እኮ የኛ ነው፣ ቂሜ። ባሏን የጎዳች መስሏት...»

«ዝም በይ፣ ባለጌ!»

በማግሥቱ ጠዋት መጣ። በሩ ላይ ቆሞ አያት። ሸምገል ያለ መሰላት፤ ፊቷን ወደ ማሽኑ አዞረች።

«ደወልሽ» አላት።

«የደወለው ማሽኑ ነው። ግባ። ተቀመጥ። ተጫነው።»

ተቀመጠና ስክሪኑን ሲያይ ደርቆ ቀረ። ያው ትቶት የሄደው ሲስተም ነው፤ ያው ጥያቄ ፊቱ ተደቅኗል።

«አልነካሽውም?»

«ሳልመጣ እንዳትነኪው ብለኸኝ የለ?»

እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደና መልሶ ሰበሰበው።

«ምን ትጠብቃለህ? ተጫነው እንጂ! ሲሞት እንይልህ!»

«አይሞትም» አለ ቀስ ብሎ። «ያኔም ቢሆን አይሞትም ነበር። ዋሽቼሽ ነው።»

እህቷ ከእጇ ክር አመለጣት።

«እናትሽ ሲያባርሩኝ አንቺ ቀና እንኳ አላልሽም» አለ ቴክኒሻኑ። «ትውደደኝ ትጥላኝ በምን ልወቅ? ሲስተሙ ማርጀቱ አይቀርም፣ ያኔ ከፈለገችኝ ትደውላለች አልኩ። ስልኬ በጠራ ቁጥር አንቺ እየመሰልሽኝ ስንቴ ዘለልኩ። ዝም ስትዪ፣ ሌላ ሰው ጠርታ አሠርታዋለች፣ ረስታኛለች ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።»

«እኔ ደንበኛ እያጣሁ፣ መሳቂያ እየሆንኩ የጠበቅኩት ለውሸት ነው? መጥተህ ብትነግረኝ ምን ነበረ?»

«ብትደውዪልኝስ ምን ነበረ?»

ቂሜ እንባዋ መጣ፤ የንዴት ይሁን የደስታ ለራሷም አልለይ አላት። ልትመታው እጇን አነሳች። እጇ ትከሻው ላይ አረፈና እዚያው ቀረ። በሌላው እጇ «አሁን» የሚለውን ተጫነችው።

ስክሪኑ ጠቆረ፣ ቆየ፣ መቶኛው ቀስ እያለ መቁጠር ጀመረ። እህቷ ውኃ ላምጣ ብላ ወጥታ ሳትመለስ ቀረች። እነሱ ግን ጎን ለጎን ተቀምጠው ጠበቁ።

አለቀ። የሆቴሉ ንድፍ ተከፈተ፤ መርፌው ሮጠ፤ አርማው ጥርት ብሎ ወጣ። ይህን ጊዜ የቂሜ ንዴት አገረሸ። «ለካ ይቺን ታህል ነበረች!» ብላ የአንሶላውን ክምር ጭኑ ላይ ጣለችበት። «ይኸው መርፌ፣ ይኸው ክር። ጠርዙን በእጅህ ስፋ።»

«እኔ እኮ መስፋት አልችልም።»

«ትለምደዋለህ። እኔም መጠበቅ አልችልም ነበር።»

እናቷ ድምፅ ሰምተው ከጓዳ ወጡ። «ይሄ ባለ ብሎን መፍቻው አይደለም እንዴ? እዚህ ምን ይሠራል?»

ቂሜ ዛሬ አላቀረቀረችም። «በድሎኛል፣ እማዬ። ክሶኝ እስኪጨርስ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አይልም።»

«መቼ ነው የሚጨርሰው?»

ስፌቱን አየችው። ተጣሞ ተጣሞ የአንሶላውን መሃል ሊደርስ ነው። «እንዲህ ከሰፋማ ዕድሜ ልኩን ነው» አለች።

እናቷ እሱንም እሷንም እያፈራረቁ አዩ። ከዚያ «እንግዲያስ ወደ መስኮቱ ጠጋ በል» አሉት፣ «ዓይንህን ታጠፋለህ።»

ቴክኒሻኑ በድንጋጤ ብድግ ሲል መርፌው ጣቱን ወጋው።

«እሰይ!» አለች ቂሜ። የደማውን ጣት ግን ራሷ ያዘችለት፤ አልለቀቀችውም።