የጠቅላይ ፈረሰኞች

«ወንድምሽ እኮ በየቀኑ አረንጓዴ ነው» አለች ሬዲዮ፣ የእስክሪብቶዋን ክዳን እያኘከች።

«ምን ማለት ነው አረንጓዴ?»

«ኦንላይን ነዋ! ስሙ አጠገብ ያለችው ነጥብ አረንጓዴ ትሆናለች። ከሥሯ ምን እየተጫወተ እንደሆነ ይጽፋል። ‹የጭጋጉ ዘውድ ሁለት›። ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም፣ እሁድ ለታማ ቀኑን ሙሉ።»

«ተሳስተሽ ነው።»

«እኔ? ኧረ ባክሽ! እኔ መቼ ተሳስቼ አውቃለሁ?»

ሬዲዮ ቅጽል ስሟን ያገኘችው በከንቱ አልነበረም። የሰማችውን ሁሉ ታወራለች፣ ያልሰማችውንም ትጨምርበታለች። በዓይኗ ያየችውን ስትናገር ግን አትዋሽም፤ ይህን ክፍሉ በሙሉ ያውቃል። ጠቅላይ ደብተሯን ዘጋች። መምህሩ ሰሌዳው ላይ የሚጽፉት ሁሉ ከዚያ በኋላ አልታያትም።

ጠቅላይ የሚለውን ስም ያወጣላት ወንድሟ ነው። ጠቅላይ አዛዥ ለማለት ነው፤ እያደር አዛዡ ቀረና ጠቅላይ ብቻ ሆነች።

«የጭጋጉ ዘውድ» በአንድ ዕቃ የተጠቀለለ ሁለት የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ባንድ በኩል አንድ ጀግና አለ። በእግሩ እየዞረ ከመንደር ሰው ጋር ያወራል፣ ባልንጀራ ይመለምላል፣ የተጣሉ ጠንቋዮችን ያስታርቃል፣ ሰይፉን ያስላል። ጦርነት የመጣ ጊዜ ግን ዓይን ወደ ሰማይ ይወጣና በሺህ የሚቆጠር ሠራዊት ከታች እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል። አንዱን ጦር እዚህ ቁም፣ ሌላውን እዚያ ዙር እያሉ ማዘዝ ነው። ወንድምና እህት ጨዋታውን ለሁለት ተካፍለውት ነበር። እሱ ማውሱን ይዞ ጀግናው፣ እሷ ኪቦርዱን ይዛ ሠራዊቱ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ወንበር ላይ ግማሽ ግማሽ ጎን ተቀምጠው ተጫወቱ። እሷ ከሁሉ የምትወደው ሦስት መቶ ሃያ ፈረሰኞቿን ነበር። አለቃቸው ሽበታም፣ አንድ ዓይና ሰውዬ ነው፤ ሼባው ትለዋለች።

ጨዋታውን የጨረሱ ለት የሰፈር ልጆች የመጨረሻውን ጦርነት የቪዲዮ ቅጂ ሊያዩ መጡ። ሼባው ፈረሰኞቹን ከጫካው ጀርባ አዙሮ ጠላት መሀል ሲገባ ቤቱ በጩኸት ሊፈርስ ደረሰ። የወንድሟን ትከሻ ደበደቡት። «አንተ ሰውዬ፣ ጭንቅላት አለህ እኮ!» አሉት። ሳቀ። እሷ ናት አላለም። እሷ ያን ጊዜ በትሪ ውሃ ይዛ ቆማ ነበር፣ አራት ብርጭቆ። ማን የትኛውን ብርጭቆ እንዳነሳና ማን ሳያመሰግናት እንደጠጣ እስከ ዛሬ አልረሳችም። የሚለፋው ከኋላ ይቆማል፣ የሚጨበጨብለት ከፊት ይቀመጣል፤ ይህን ለመማር አሥራ ሁለት ዓመት አነሰ አይባልም።

ቢሆንም ይቅር ብላው ነበር። በሩቅ ከተማ፣ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ጥገና ሥራ አግኝቶ ሲሄድ፣ በአውቶቡሱ መስኮት አንገቱን አውጥቶ «ሁለተኛው ክፍል ሲወጣ አብረን ነው የምንጀምረው! ቀድሞ የነካ ውሻ ይሁን!» ብሏታል። ሁለተኛው ክፍል ከወጣ ወር አለፈው። በስልክ በጠየቀችው ቁጥር መልሱ አንድ ነው። «ገና አልከፈትኩትም። ለእረፍት ስመጣ።» አሁን የቀረው ሦስት ሳምንት ነው።

እሷም አልነካችውም። ክፍል ውስጥ ስለ ጨዋታው ሲወራ ጆሮዋን ትይዝ ነበር፣ ታሪኩን እንዳትሰማ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሬዲዮ ጨዋታውን በሃርድ ዲስክ ገልብጣ አመጣችላትና «እኔ ምንም አላልኩም» ብላ ሄደች። እናትየው የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ጠረጴዛው፣ አልጋው፣ የወንበሩ መደገፊያ፣ ሁሉም በሰማያዊ ጨርቅ ተሞልቷል። ኮምፒውተሩ ጥግ ላይ ነው። ወንድሟ ከተጣሉ ዕቃዎች ለቃቅሞ የገጣጠመው ስለሆነ ሲነሳ እንደ ሽማግሌ ያስላል። አዲሱ ጨዋታ ከበደው፤ ሥዕሉን ዝቅ፣ አሁንም ዝቅ ስታደርግለት ወታደሮቹ የክብሪት እንጨት መሰሉ። የክብሪት እንጨትም ቢሆኑ ይሄዳሉ።

አካውንቱ የሁለቱም ነው፤ የተከፈተው ግን በወንድሟ ስም ነው። ገብታ ስትጠብቅ እሱ ያስቀመጠው ጨዋታ ከኢንተርኔት ተስቦ መጣ። መጀመሪያ ያየችው ቁጥሩን ነው።

የተጫወተበት ጊዜ፦ 41 ሰዓት ከ20 ደቂቃ።

ልትዘጋው ነበር። ከዚያ ግን ያለ እሷ ምን እንዳደረገ ማየት አማራት።

ያደረገው ነገር አልነበረም። አርባ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያወራ ነው የከረመው። ጀግናው ከመላው መንደር ጋር ተዋውቋል፣ የአንጥረኛውን ልጅ ድሯል፣ ሁለት ጠንቋዮች አስታርቋል። ጦርነት የገጠመው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ወንዝ ላይ ባለ የድንጋይ ድልድይ። ከማዶ ረጃጅም ጦር የያዙ ወታደሮች ተሰልፈው ቆመዋል። የተሸነፈበት ጊዜ፦ 11። ጀግናው የሚጽፍበት ማስታወሻ አለ፤ ወንድሟ በየሽንፈቱ ሞልቶታል። «ዛሬም ድልድዩ።» «አቦ ይሄ ድልድይ!» «የምር አበቃሁ።» ከሥሩ ደግሞ «ነገ።»

ሳታስበው ሳቀች። በሳቋም ተናደደች።

«የታሉ የኔ ፈረሰኞች?» አለች ድምፅ አውጥታ።

«ምን አልሽ?» አለች እናቷ፣ እግሯን ከመርገጫው ሳታነሳ።

«ምንም እማዬ።»

ድልድዩ ላይ የተሰለፉት ሁሉ ቅጥረኞች ናቸው። ካርታውን ወደ ላይ ጎተተችው። ከድልድዩ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ትንሽ ግንብ አለ። ስትነካው ስማቸው ተዘረዘረ፦ ፈረሰኞች፣ ሦስት መቶ ሃያ፤ አለቃ፣ ሼባው። የተዋጉበት ጊዜ፣ ዜሮ። ከመጀመሪያው ክፍል እንደተሻገሩ አንድም ሰው ሳይጎድል እዚያው ቆመዋል። ከበሩ ላይ ወንድሟ ማስታወሻ ለጥፏል።

«የጠቅላይ ነው። አይነካ።»

ውሸታም ብላ ልትሰድበው ያዘጋጀችው ሁሉ ወዴት እንደገባ አጣችው። በልቶ ሲያበቃ ድርሻዋን ከድኖ አስቀምጦላታል። ከድኖ ማስቀመጡ ደግነት ነው። እሷ ግን የምትናፍቀው ድርሻዋን ሳይሆን አብሮ መቀመጡን ነበር፤ የወንበሩ ጠርዝ ጭኗ ላይ መስመር እስኪያወጣ ድረስ፣ «ተጠጊ እንጂ!» «አንተ ተጠጋ!» መባባሉን።

መጀመሪያ ማስታወሻውን አከበረች፤ ፈረሰኞቹን አልነካችም። ድልድዩን ከላይ አየችው። ወንድሟ የሰው ፊት እንጂ መሬት አያይም። ከድልድዩ በታች ወንዙ ሰፍቶ ውሃው ነጣ ይላል። የነጣ ውሃ ጥልቀት የለውም፤ ይሻገሩታል። ቅጥረኞቹን በዚያ በኩል ላከች። እግረኞች ናቸው፤ ወገባቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተው ሲንገታገቱ ባለጦሮቹ ፊታቸውን አዞሩባቸው። ልክ ያን ጊዜ ስክሪኑ ድርግም አለ። መብራቱም ጠፋ።

«እማዬ!»

«ውይ የኔ ልጅ፣ ካውያውን ሰካሁት እኮ! ረሳሁት።»

ኮምፒውተሩና ካውያው ባንድ ላይ ከሠሩ ፊውዙ ይወርዳል። እናትየው ወንበር ላይ ቆማ ፊውዙን እየመለሰች፣ «ወንድምሽ ሲመጣ ይህን ያበጅልናል» አለች። «ብቻ በሰላም ይምጣልኝ። አንቺም ደግሞ በስልክ ነገር እንዳትፈልጊው። ኩርፊያ እንደሚወድ ታውቂዋለሽ። አምና ከአጎትሽ ጋር በማይረባ ነገር ተኳርፎ አይደል ሳይመጣ የቀረው?»

ጠቅላይ አምና እናቷ አልጋውን አንጥፋ፣ አዲስ ሸሚዝ ሰፍታ፣ ሦስት ቀን በር በሩን ስታይ እንደነበር ታስታውሳለች። ሸሚዙ እስካሁን ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።

«እማ፣ ካውያውን ትንሽ አቆዪልኝ። ግማሽ ሰዓት።»

«ሃያ ዩኒፎርም አለብኝ!»

«እኔ እተኩስልሻለሁ፣ ሁሉንም።»

እናቷ ትክ ብላ አየቻት። «ኮሌታውንም?»

«ኮሌታውንም።»

ጨዋታው ከድልድዩ በፊት ካለው ቦታ ተነሣ። አሁን ማሰብ ያለባት አንድ ነገር ነው። ማስታወሻውን አክብራ ብትዘጋው ወንድሟ ምንም አያውቅም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ይመጣል፤ እሱ እንዳልጀመረ ይሆናል፣ እሷ እንዳላወቀች ትሆናለች። አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። እሱ አስቀድሞ የሚያውቀውን ነገር አይቶ ይደነግጣል፤ እሷ መደንገጡን አይታ ትስቃለች። ሊሆን ይችላል። እናቷም ደስ ይላታል።

ሼባውን አየችው። ግንቡ በር ላይ ፈረሱ ጭራውን ይወዘውዛል። አርባ አንድ ሰዓት።

«በል ውጣ» አለችው።

ቅጥረኞቹን ድልድዩ አፍ ላይ አሰለፈቻቸው፤ እንዲጮኹ እንጂ እንዳይሻገሩ። ባለጦሮቹ ወደ ድልድዩ ተጠጋጉ። ቀስተኞቻቸውም ከኮረብታው ወረዱ። አስቸኳይ የሚባል ነገር የላትም፤ ትጠብቃለች። ወንድሟ አጠገቧ ቢኖር «አሁን! አሁን በያቸዋ!» እያለ ክርኗን ይጎትት ነበር። የሚጎትታት የለም። ፈረሰኞቹ ወንዙን በሸፈነው ጭጋግ ውስጥ ታች ወርደው የነጣውን ውሃ ሲረግጡ ማንም አላያቸውም። ማዶ ሲወጡ ነው ፍጥነታቸውን የለቀቀችላቸው።

የጠላት የክብሪት እንጨቶች ከኋላ ተገነደሱ። ባለጦሮቹ ያን ረጅም ጦር አዙረው እስኪያነሱ ድረስ ሰልፉ ለሁለት ተከፍሏል። ቅጥረኞቹ በድልድዩ ጎረፉ። ሙዚቃው ተለወጠ።

ድል።

ከድሉ ሥር የሞቱት ስም ዝርዝር ወጣ። ከሦስት መቶ ሃያው መቶ አራት። የመጀመሪያው ስም፣ ሼባው።

ከሁሉ ፊት ስለሚጋልብ ነው። ሁልጊዜም ከፊት ነው የሚጋልበው፤ እሷ ራሷ ናት እንደዚያ ያስለመደችው። አፏን በእጇ ይዛ ቆየች። ከዚያ ስክሪኑ ጠየቃት። በሁለተኛው ክፍል ለአንድ መንግሥት ያለው ማኅደር፣ ጨዋታው የሚቀመጥበት፣ አንድ ብቻ ነው፤ አዲሱ ሲቀመጥ የድሮው ይጠፋል።

ይቀመጥ? አዎ። አይ።

«አይ» ካለች ሼባው ግንቡ በር ላይ ተመልሶ ይቆማል። «አዎ» ካለች ሞቱ ሞት ነው። ወንድሟም በከፈተው ሰዓት ማን እንደገባ፣ ምን እንዳየ ያውቃል።

ስልክ ጮኸ። እናቷ በጥርሷ የያዘችውን ክር እየተፋች አነሣች። ፊቷ በራ። «የኔ ጌታ! ደህና ነህ? በላህ? ...አለች፤ ከኮምፒውተሩ ጋር ነች። ...እሺ፣ እሺ፣ እሰጣታለሁ።» ስልኩን እያቀበለች በዓይኗ ለመነቻት፦ ነገር እንዳትፈልጊው።

«ጠቅላዬ!» አለ። ድምፁ ከሩቅ ነው የሚመጣው። ከኋላው መኪና ይሰማል፣ የሚሳሳቁ ሰዎች ይሰማሉ። «ትኬት ቆረጥኩ እኮ! ምን ትያለሽ?»

«ጥሩ።»

«ጥሩ ብቻ? አኩርፈሻል እንዴ? ጨዋታውን አልነካሽውም አይደል?»

«አንተስ?»

«እኔ? ጊዜውን ከየት አባቴ አምጥቼ! አንቺን ነው የምጠብቀው።»

እናቷ መርፌውን አየር ላይ ይዛ ታያታለች። ጠቅላይ ማውሱን ያዘች። ናፍቆቱ ያው ነው፤ ሲዋሽ እንኳ ድምፁ ይናፍቃል። ለዚህ ነው የከበዳት። የማይናፈቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ዝም ማለት ምንም አልነበረም።

«አዎ»ን ተጫነች። ትንሿ ክብ ዞረች፣ ዞረችና ቆመች።

«በድልድዩ ላይ አይደለም የሚኬደው» አለችው ቀስ ብላ። «ታች፣ ውሃው ነጣ ባለበት በኩል ነው።»

ከዚያኛው ጫፍ የሰዎቹ ሳቅ ራቀ፤ ከመሀላቸው ወጥቶ ሄዷል። መተንፈሱ ይሰማታል። ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ወንበሩ ላይ ተደላደለችና፣ እስኪናገር ድረስ ጠበቀችው።