ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ

ቃልአብ ላይ መናደድ የጀመርኩት በተዋወቅንበት ደቂቃ ነው። ከመገናኛ ወደ ገርጂ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ መስኮቱን ተደግፌ የእናቴን ዘፈን ሳንጎራጉር ከኋላ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።

«ይቅርታ፣ እሱን አንዴ ትደግሚልኝ?»

ዞር ስል ስልኩን አፌ ሥር ደቅኖታል።

«ጤነኛ ነህ?» አልኩት።

«አልመስልም አይደል?» ብሎ ሳቀ። «የባህል ዘፈን እሰበስባለሁ። ይሄን ዜማ ግን ሰምቼው አላውቅም።»

ሲስቅ ዓይኖቹ ይጠፋሉ። እሱን ሳይ መውረጃዬን አለፍኩት።

ቀን ቀን ኮምፒውተር ይጠግናል። በተረፈው ሰዓት ደግሞ «ጓዳ» የሚባል ድረ ገጽ ነበረው፤ ብቻውን የሠራው። እሹሩሩ፣ የሠርግ፣ የአጨዳ፣ የለቅሶ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት ዘፈን፤ የፈለገ ሰው በነፃ ያወርዳል። በሳምንቱ የእናቴን አራት መቶ አሥራ ሦስተኛ ሊያደርግ ቤታችን መጣ።

እናቴ አፀደ ዘፈኑን ያወጣችው ሙሽራ ሆና ከወሎ አዲስ አበባ በገባችበት ሳምንት ነው።

*ከወንዙ ማዶ ነው የእናቴ ቤት ደጅ፣*
*ሲመሽ ትጠራለች አንቺ ልጅ፣ አንቺ ልጅ።*

ዘፍና ስትጨርስ ቃልአብ ማዳመጫውን አውልቆ ዝም አለ። ዓይኑ እርጥብ ነበር። ያኔ ወደድኩት፤ ምን ያስዋሸኛል።

«እትዬ አፀደ፣ እንዴት ያምራል! የማን ነው?»

«የናንተው ነው ልጄ» አለችው ነጠላዋን እያስተካከለች።

እናቴ ሻርፗን ብታደንቂላት «ያንቺው ነው» ትልሻለች። አንስተሽ ሂጂ ማለቷ አይደለም፤ ጨዋ ሰው እንዲህ ነው የሚመልሰው። ይኼ የተማረ ሞኝ ግን ላፕቶፑን ከፍቶ «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» ብሎ ጻፈ። አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። የማየው ጣቶቹን ነበር እንጂ የሚጽፉትን አላነበብኩም።

አንድ ዓመት እንዲህ አለፈ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሾላ ገበያ አሮጌ ካሴት ፍለጋ እንዞራለን። እሱ ካሴት ሲያገላብጥ እኔ እሱን አያለሁ፤ ቀና ሲል ዓይኔን ወደ በርበሬው አዞራለሁ።

ባለፈው ጥር ቦሌ፣ ትኬት እየሸጥኩ የምሠራበት ቢሮ ካለበት ሕንፃ ስወጣ፣ ምድር ቤት ያለው ልብስ ቤት በድምፅ ማጉያው «አንቺ ልጅ፣ አንቺ ልጅ» ይላል። ኪቦርድና ከበሮ ተደርጎበት፣ አንዲት የማላውቃት ልጅ እየዘፈነችው። ስልኬ ላይ ፈለግኩት። ግጥምና ዜማ የሚለው ቦታ ላይ የአንድ ሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት ባለቤት ስም አለ። እዚያው ደረጃው ላይ ቆሜ ቃልአብ ጋ ደወልኩ።

ነግሬው ሳልጨርስ «ይቅርታ» አለ።

«ታውቅ ነበር!» አልኩት።

«አሳታሚዎቹ ከሦስት ቀን በፊት ደብዳቤ ልከውልኛል። ዘፈኑን በስማቸው አስመዝግበውታል። ድረ ገጹን ዝጋ ይላሉ። ደራሲው አይታወቅም፣ የሕዝብ ነው ብለህ ከፈረምክ ግን አንከስህም ነው የሚሉት።»

«ሦስት ቀን ሙሉ ደብቀኸኝ?»

«በምን አፌ ልንገርሽ ብሩክታይት? ባለቤት የለውም ለማለት ማስረጃቸው የኔው ገጽ ነው።»

«ልትፈርም ነው?»

ዝምታውን እወድለት ነበር፤ ያን ቀን ጠላሁት።

«ስማኝ» አልኩት፤ ሰው እየዞረ ያየኛል። «እነሱ ሌቦች ናቸው። አንተ ግን በሩን የከፈትክላቸው ነህ። ከፈረምክ ደጃችንን እንዳትረግጥ!»

ዘጋሁበት። እስከ ገርጂ እያለቀስኩ ሄድኩ፤ የንዴት ለቅሶ።

በማግስቱ ከሥራ ስገባ ጫማው በራችን ላይ አለ። ውስጥ እናቴ ቆማለች፤ እሱ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ሁሉንም ራሱ ነግሯታል።

«የናንተው ነው ስልህ ውሰዱት አልኩህ?» ትላለች እናቴ፤ እንዲህ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። «የኔ ነው! ያገሬ ናፍቆት፣ ያይኔ እንባ ነው! ሲያመሰግኑኝ የኔ ነው ብዬ ልኩራራልህ ኖሯል?»

«ጥፋቱ የኔ ነው እትዬ።»

«እሱንማ አየሁት። ወረቀቱን ምን ልታደርገው ነው?»

ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። አልተፈረመም።

«አልፈርምም። ጓዳን ግን ማትረፍ አልችልም። ገጹን የሚያስተናግደው የውጭ ድርጅት የነሱን አቤቱታ ተቀብሎ እስከ ዓርብ ብቻ ነው የሰጠኝ።»

እናቴ ወረቀቱን አራት ቦታ ቀዳድዳ ጣለችው። እኔ ቦርሳዬን ወርውሬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። «ስንቱ ላይ ነው የሕዝብ ብለህ የጻፍከው?»

«ሁለት መቶ ሰባ» አለ በቀስታ።

አራት ቀን ዘፋኞቹ ጋ ስንደውል ሰነበትን። እውነት የማን ነው? አንዱ የአክስቴ ነው ይላል። አንዷ ትሽኮረመምና ስንለምናት የኔ ነው ትላለች። አንድ ስም በተገኘ ቁጥር ደስ ሊለኝ ሲገባ ደሜ ይፈላል። እስከ ዓርብ ያስተካከልነው ስልሳ ሦስት ብቻ ነው። በእናቴ ዘፈን ሥር እንዲህ ጻፈ፦ «ግጥምና ዜማ፦ ወይዘሮ አፀደ። የሕዝብ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ተሳስቻለሁ። ቃልአብ።»

በአሥራ አንድ ሰዓት ገጹ ጠፋ። ቃልአብ ነጭ ስክሪኑ ላይ አፍጦ ቀረ። አይዞህ አላልኩትም። እጁን ያዝኩና እስኪያመው ጨመቅኩት፤ አላስለቀቀኝም።

በወሩ ከሰሱት። በዚያው ሳምንት ሽማግሌ ላከ።

አጎቴ ጋሽ ገብረየስ ሽማግሌዎቹን ተቀብሎ እንደ ወጉ ይጠይቃል። እናቴና እኔ ጓዳ ሆነን እንሰማለን።

«ልጁ ሥራው ምንድን ነው?»

«ኮምፒውተር ይጠግናል። የዘፈን ድረ ገጽ ነበረው፤ ተዘጋበት» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የማንደብቃችሁ... ክስም አለበት።»

«ክስ? በምን?»

«በእህትዎ ዘፈን።»

«እንግዲህ» አለ አጎቴ፣ «ዘመድ እንመክርና ከሁለት ሳምንት በኋላ...»

እናቴ የጓዳውን መጋረጃ ገፍታ ወጣች። የልጅት እናት ሽማግሌ ፊት አትናገርም፤ እሷ ግን መሀል ቤት ቆመች።

«የምን ሁለት ሳምንት ነው ገብረየስ? ለኔ ስም ብሎ የተከሰሰ ልጅ ነው! ስጠው!»

ሠርጋችን ለሚያዝያ፣ ክሱ ለግንቦት ተቀጥሯል። ንዴቴ አልበረደም፤ ሁለቱም ቦታ አጠገቡ እቆማለሁ።