የጥቁሩ ጨርቅ ጠርዝ

ሶፋው እምቢ አለ። ሁለቱ ጫኞች ጠዋት መጥተው ጫፍና ጫፉን ይዘው «በል እንግዲህ!» ቢባባሉም ባለ ሦስት መቀመጫው ሶፋ ከመሬት ንቅንቅ አልል አላቸው። እንዲህ ያለውን ሶፋ በየሳምንቱ ስለሚጭኑ ክብደቱን ወገባቸው ያውቀዋል። አንደኛው ሳቅ ብሎ «ምን ጠቅጥቀውበት ነው፣ ድንጋይ?» አለ። በጎኑ ሲያጋድሙት የሶፋው ሆድ የሚሸፈንበት ጥቁር ጨርቅ ወደ ውጭ ተነፍቷል። አንደኛው ጥግ ላይ ጨርቁ በምስማር በደንብ አልተመታም፤ በክፍተቱ የሰው ጫማ ይታይ ነበር። የሳቀው ጫኝ ከዚያ ቀን ወዲህ ሶፋ ላይ መቀመጥ ትቷል ይባላል።

ሟቹ የወርክሾፑ ባለቤት ነበር። በትራስ አፍነው ከገደሉት በኋላ የሶፋውን ሞላ ነቅለው በቦታው እሱን አጣጥፈው አስገብተውታል። ሶፋው በዚያው ጠዋት ወደ ሩቅ ከተማ ይላክ ስለነበር፣ የጫኞቹ ወገብ ባያውቅበት ኖሮ ሰውየው በማያውቀው ሰው ሳሎን ውስጥ ሊከርም ነበር።

ጉዳዩ የተሰጣትን መርማሪ ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። ዱቄቱን አሳልፋ ገለባውን ታስቀራለች ማለታቸው ነው። በዚህ ጉዳይ ግን መጀመሪያ ላይ ምንም የሚነፋ ያለ አልመሰላትም። ከጥቁሩ ጨርቅ የተነቀሉት ትንንሽ ምስማሮች ሁሉ የደረቀ ምራቅ ነበረባቸው፤ ዲኤንኤው ሲመረመር የአንድ ሰው ሆኖ ተገኘ። ሰውየው የወርክሾፑ ብቸኛ ሶፋ ሠሪ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ «ምስማሬ» እያለ ይጠራዋል። የሟቹ ልጅ ደግሞ በዋዜማው ምሽት ሠራተኛውና አባቱ ሲጯጯኹ እንደሰማ መሰከረ። ምስማሬም አልካደም። «የራሴን ወርክሾፕ ልከፍት ነው አልኳቸው፤ ተቆጡ» አለ። መርማሪዋ ፈርማ አሰረችው። ጣቢያው ውስጥ ሁሉም «ምራቁ ተናገረ!» እያለ እጇን ጨበጣት።

እሷን ግን አንድ ጥያቄ አልለቃት አለ። ሙያው ይኸው የሆነ ሰው የገደለውን ሰው ለደበቀበት ጨርቅ እንዴት ጥጉን ሳይመታ ይተዋል? ይህ እንቅልፍ ስለነሳት ወደ እስር ክፍሉ ሄደች።

ምስማሬ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ጉንጩ ጎድጉዷል።

«ምስማር አፍህ ውስጥ የምትይዘው ለምንድን ነው?» አለችው።

«እጄ ሁለት ብቻ ስለሆነ ነዋ» አለ፤ ባዶ እጁን አንስቶ እያሳያት። «አንዱ ጨርቁን በፒንሳ ይወጥራል፣ አንዱ መዶሻ ይይዛል። ምስማሩን ማን ይያዝልኝ? በምላሴ አዙሬ ከንፈሬ ላይ አወጣዋለሁ፣ መዶሻው ማግኔት ስላለው ይቀበለኛል።»

«የተረፈውስ?»

«መልሼ የምስማሩ ጣሳ ውስጥ እተፋዋለሁ። ጋሼ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሁልጊዜ ‹ጣሳዬን አዛግከው› እያሉ ይቆጡኝ ነበር።» ዓይኑ እንባ አቀረረ።

መርማሪዋ ክው አለች። እንደዚያ ከሆነ ጣሳው ውስጥ ያለው ምስማር ሁሉ የእሱ ምራቅ አለበት፤ ማንም ዘግኖ ቢመታው ምስክርነቱ በምስማሬ ላይ ነው።

«ይህን ለምን መጀመሪያ አልነገርከኝም?»

«ማን ጠየቀኝ? ‹ምራቅህ ነው ወይ?› አላችሁኝ፤ ነው አልኩ።»

መልሱ አንጀቷን በላው። «ሙያውን ማን አስተማረህ?» አለች።

«የጋሼ ታናሽ ወንድም። ድሮ የወርክሾፑ እጅ እሳቸው ነበሩ። ‹ከመሐል ጀምረህ ወደ ጥግ ሂድ፣ ከጥግ ከጀመርክ መጨረሻ ላይ ጨርቁ ይሰበሰብብሃል› እያሉ ጣቴን በመዶሻ እጀታ ይመቱኝ ነበር። እስካሁን እጄ ሌላ አያውቅም።»

ከዚያ ወጥታ በቀጥታ ማስረጃ ወደሚቀመጥበት ክፍል ሄደችና ጥቁሩን ጨርቅ ዘረጋችው። ምስማሮቹ ከአንድ ጥግ ተነስተው ዙሪያውን ሄደዋል፤ መጨረሻው ጥግ ላይ የተረፈው ጨርቅ ተጨማድዶ ክፍተት ፈጥሯል። በጠርዙ ላይም የፒንሳ ጥርስ ምልክት የለም። እዚያው ቆማ ወደ ላቦራቶሪው ደወለች።

«የምስማሩን ጉዳይ እኮ ጨርሰናል» አላት ባለሙያው።

«ምስማሩን ተወው። ጠርዙን፣ ታጥፎ የተመታውን ውስጠኛውን ፊት ፈትሽልኝ። ይህን ጨርቅ የወጠረው ሰው በጣቱ ነው የጎተተው። ያን ያህል የጎተተ ሰው ቆዳውን ሳይተው አይሄድም።»

በማግስቱ ከወርክሾፑ በላይ ወዳለው የሟቹ ቤት ወጣች። ሚስቲቱ፣ ልጅየውና አጎቱ፣ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ሳሎን ተቀምጠዋል። ልጅየው ሽክ ያለ ወጣት ነው፤ ሥራው በወርክሾፑ የሶፋ ማሳያ ክፍል ውስጥ ደንበኛ ማነጋገር ነው።

«አባትህ በሞተበት ምሽት የት ነበርክ?»

«እዚሁ፣ ፎቅ ላይ…»

«ከእኔ ጋር ነበር» አለ አጎትየው ቀደም ብሎ።

«መዶሻ መምታት ትችላለህ?»

«የት ያውቅና!» አለ አሁንም አጎትየው። «ልጁን ተይው፤ የምትጠይቂውን እኔን ጠይቂኝ።»

መርማሪዋ ጥጧን አውጥታ ከሁለቱ ወንዶች ጉንጭ ውስጥ ናሙና ስትወስድ ሚስቲቱ ተነስታ ቆመች። «ምስማሬ ታስሮ የለም እንዴ? ይኸ ለምን አስፈለገ?»

«ለማጣራት ያህል ነው።»

ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ይኸ ነገር… የምትፈልጊውን ብቻ ነው የሚናገረው? ወይስ ሌላም ይናገራል?» አለች።

መርማሪዋ ጥጡን አሽጋ ወጣች። የላቦራቶሪው ባለሙያ ደውሎ «መጀመሪያ ተቀመጪ» ባላት ቀን ግን የሚስቲቱ ጥያቄ ትዝ አላትና በቁሟ ቀዘቀዘች። ያወቀችውን ባታውቀው ምንኛ በወደደች። ዝም ብትል ግን ምስማሬ ዕድሜውን እስር ቤት ይጨርሳል።

ሁሉንም ከሰዓት በኋላ ወርክሾፑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ምስማሬ በካቴና መጣ። ዙሪያውን ጨርቅ ያልለበሱ የሶፋ አጥንቶች ቆመዋል፤ ማንም ሊቀመጥባቸው አልደፈረም።

«ጥፋቱ የጀመረው ከእኔ ነው» አለች መርማሪዋ። «ምራቁ የማን እንደሆነ ጠየቅኩ እንጂ እንዴት እዚያ እንደደረሰ አልጠየቅኩም። ምስማሬ የተረፈውን ምስማር ጣሳው ውስጥ ይተፋል። ገዳዩ ከዚያ ጣሳ ነው የዘገነው፤ ምራቁ ስለበዛ የሌላውን ዱካ ሸፈነው። ጨርቁ ግን የተመታው ከጥግ ተጀምሮ ነው፤ የተወጠረውም በባዶ እጅ ነው። ሙያውን የማያውቅ ሰው ሥራ ነው። ከጠርዙ ውስጥ የዚያን ሰው ዲኤንኤ አገኘን።»

መርማሪዋ የላቦራቶሪውን ወረቀት ዘረጋች።

«ወንድ ነው። የአባት መስመሩ ከሟቹ ጋር አንድ ነው፤ ስለዚህ የሥጋ ዘመድ ነው። ነገር ግን ልጅ በሚመረመረው ነጥብ ሁሉ ላይ ከአባቱ የወረሰው አንድ ምልክት ሊኖረው ይገባል። ይህ ሰው በብዙ ነጥቦች ላይ ከሟቹ ጋር የሚጋራው የለም። የሟቹ ልጅ አይደለም።»

የሁሉም ዓይን ወደ አጎትየው ዞረ። ልጅየው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። አጎትየው ግራ ቀኝ አላየም።

«እኔ ነኝ» አለ። «ወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ። ይብቃ፣ እሠሩኝ።»

«እሺ» አለች መርማሪዋ። መዶሻውንና ቁራጭ ጥቁር ጨርቅ አንስታ ሰጠችው፤ ጣሳውን አጠገቡ አስቀመጠች። «እንዴት አድርገው እንደመቱት ያሳዩን።»

አጎትየው ጨርቁን ሶፋው አጥንት ላይ ጣል አደረገው። ሳያስበው ግራ እጁ ፒንሳውን ፈለገ፣ አገኘና የጨርቁን ጫፍ ነክሶ ወጠረ። ሁለት ምስማር ከንፈሩ መሃል ገቡ። መዶሻው ተቀበለና የመጀመሪያውን ምስማር ልክ የጣውላው መሐል ላይ ሰካው። ምስማሬ ከካቴናው ጋር ወደ ፊት ዘንበል ብሎ በመምህሩ እጅ ላይ ፈዞ ቀረ።

አጎትየው የመታውን ምስማር ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። እጁ አሳጥቶታል።

«እርስዎ ከጥግ መጀመር አይችሉም» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ። «ምርመራውም የጠርዙ ዲኤንኤ የእርስዎ አይደለም ብሏል። ታዲያ ሰው ያልፈጸመውን ግድያ በራሱ ላይ የሚጭነው ለማን ብሎ ነው?»

ልጅየው ብድግ አለ። «ምን እያልሽ ነው? ልጁ አይደለም አላልሽም? እኔ እኮ ልጁ ነኝ! እዚህ ያለ ሁሉ ያውቃል፣ ልጁ ነኝ!»

መርማሪዋ ወደ ሚስቲቱ ዞረች። «እኔ ከምናገረው እርስዎ ቢነግሩት…»

«ተወው ልጄ» አለች እናት። ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። አጎትየው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ማብራሪያ አላስፈለገውም።

የጠርዙ ዲኤንኤ የልጅየው ነበር። ልጅየው ደግሞ የአጎትየው ልጅ ነበር።

ልጅየው ማንም ያልደፈረው የሶፋ አጥንት ላይ ቁጭ አለ። «እሱም እንደዚህ ነው ያለኝ» አለ ለማንም ሳይሆን። «ምስማሬ ትቶህ ሊሄድ ከሆነ ወርክሾፑን ለእኔ ስጠኝ፣ ማሳያ ክፍል ብቻ ላድርገው አልኩት። ‹ለማን ልጅ ነው የምሰጠው?› አለኝ። ‹እናትህን ጠይቃት፣ ስንት ዓመት ችዬ አሳደግኩህ› አለኝ። ዝም በል አልኩት። ደገመው። ትራሱን አፉ ላይ የጫንኩት ዝም እንዲል ብቻ ነበር። ሌላ ሰው እንዳይሰማው ነበር።»

አሁን ሁሉም ሰምቷል። ፖሊሶቹ ሲወስዱት እናቱ ልትከተለው ሞክራ በሩ ላይ ቀረች። አጎትየው ሊደግፋት እጁን ሲዘረጋ ገፋችው።

ወርክሾፑ ባዶ ሲሆን መርማሪዋ የምስማሬን ካቴና በራሷ እጅ ፈታች። «ይቅርታ አድርግልኝ» አለችው። «ገና በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ ነበረብኝ።»

ምስማሬ የእጁን አንጓ እያሻሸ አንገቱን ነቀነቀ። ከዚያ እግሩ ወደለመደው ቦታ መራው። መምህሩ መሐሉ ላይ አንድ ምስማር ብቻ መትቶ የተወውን ጨርቅ አየ፤ ጀምሮ መተው አይወድም። ፒንሳውን አነሳ፣ ከጣሳው ጥቂት ምስማር ዘግኖ ወደ አፉ ወሰደ።

እጁ ከንፈሩ አጠገብ ሲደርስ ቆመ። ምስማሮቹን ለአፍታ ካያቸው በኋላ መልሶ ጣሳው ውስጥ ጨመራቸው። አንዱን ብቻ በጣቱ ይዞ መዶሻውን አነሳ፤ በመጀመሪያው ምት የመታው አውራ ጣቱን ነበር።