ከ«ዘንድሮ» ወደ «ነባር»

ዘሚካኤል ሞቶ የተገኘው በካልሲው ነው። ቡሬ በሚገኘው ኮሌጅ፣ የሰርቨር ክፍሉ ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሏል፤ የራስ ቅሉ ከኋላ ተፈንክቷል፤ አጠገቡ መሰላል ወድቋል። ጠዋት ያገኘችው የጽዳት ሠራተኛ ጩኸቷን ስታቀልጠው ግቢው ተሰበሰበ። ከበሩ ሆኖ ያየው ሁሉ ሽቦ ሊያስተካክል ወጥቶ ወደቀ አለ፤ ሰው መቼም ለሞት ምክንያት ለመስጠት አይዘገይም።

ከፍኖተ ሰላም የመጣችው ኢንስፔክተር ሥርጉት ግን በሩ ላይ ቆማ ቀረች። የሟቹ ጫማ ከደፉ ውጭ ተቀምጧል። የሰርቨሩ ኃላፊ ዘሚካኤል አቧራ ማሽኖቹን ይገድላል እያለ፣ የኮሌጁን ዲን እንኳ ሳይቀር እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጫማ ያስወልቅ እንደነበር ግቢው ሁሉ ያውቃል። እሷም ቡትስ ጫማዋን አውልቃ ገባች። ወለሉ ጥርት ያለ ነው፤ ጭቃ ያለው መሰላሉ እግር ሥር ብቻ ነው።

«ይህ መሰላል የት ነበር የሚቀመጠው?»

«ውጭ፣ ከግድግዳው ሥር» አሉ ዲኑ ዶክተር ቴዎፍሎስ። «ምነው?»

«ጫማ የማያስገባ ሰው በሰኔ ጭቃ የተለወሰ መሰላል ያስገባል?»

ሥርጉት ማሽኖቹ ወደተደረደሩበት የብረት ቁም ሳጥን ተጠጋች። ጠርዙ ላይ ደም ደርቋል፤ ሰውየው የተመታው እዚያ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ስለ ማከማቻው ማወቅ ያስፈልጋል። የኮሌጁ መምህራን ፋይሎቻቸውን የሚያስቀምጡት በአንድ የጋራ ማከማቻ ነው። የሚሠሩበት «ዘንድሮ» በሚባለው ፎልደር፣ ያለቀው ደግሞ «ነባር» በሚባለው ውስጥ ይገባል። «ነባር»ን ከቢሮ ሆኖ ማየት ስለማይቻል፣ መምህራኑ እዚያ የገባ ፋይል እንደ ተቀበረ ነበር የሚቆጥሩት። ስለዚህ ማንም ፋይሉን ወደ «ነባር» አይሰድም፤ «ዘንድሮ»ም እስከ አፍንጫው ሞላ። ዘሚካኤል በልመና አልሆን ሲለው «ካላዛወራችሁ እሰርዘዋለሁ!» ማለት ጀመረ። በሞተባት ቀን ቀትር ላይ በየቢሮው ዞሮ «የማከማቻውን መስመር እስከ ነገ ዘግቼዋለሁ» አለና ክፍሉ ገባ። ማምሻውን፣ ዝናቡ ሳያባራ ሕንፃው ውስጥ ቀርተው የነበሩት ዲኑና ሁለት መምህራን ብቻ ናቸው።

ሥርጉት ከዲኑ ጀመረች።

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል።»

«ተጣልተናል፤ አልዋሽም። ለአዲሱ የትምህርት ክፍል ቦታ እንዲያስለቅቅ ብነግረው የመምህራኑን ልፋት አልሰርዝም ብሎ ድርቅ አለብኝ።»

«እሰርዛለሁ እያለ ሲያስፈራራ የነበረው እሱ አይደል እንዴ?»

«አፉ ነው እንጂ እጁ አንዲት ፋይል አይሰርዝም» አሉና ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

የሰብል መምህሯ አቻምየለሽ አዴት ላይ በድንች ዘር ያደረገችው ጥናት እንዳለ ማከማቻው ውስጥ ነው።

«ይኑር ይጥፋ አላውቅም፣ ኢንስፔክተር። መስመሩ ዝግ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ብሞክር አልከፈት አለኝ። ሰው ሞቶ እኔ ስለ ድንች ሳስብ... ኧረ አፈርኩ!»

የግዕዝ መምህሩን ገነነን ያገኘችው ደጅ፣ የራሰ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነው። እርጥበቱን ከነመኖሩም ያወቀው አይመስልም። ገነነ በምዕራብ ጎጃም ገጠር ለገጠር እየዞረ የቅኔ መምህራንን ድምፅ ሲቀርጽ ጎልማሳነቱን የጨረሰ ሰው ነው።

«ላፕቶፔ ከተሰረቀ ወዲህ ሌላ ቅጂ የለኝም» አለ። «ያሳደጉኝ የኔታ ኪዳነ ማርያም በዐቢይ ጾም ዐረፉ። የእሳቸውን ቅኔ ሌላ የያዘው የለም፤ እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔም አጣሁት! ፎልደሬ ስሙ ቀርቶ ውስጡ ባዶ ነው።»

«ዘሚካኤልን አልጠየቁትም?»

«ሳላገኘው ሞተ።»

ሥርጉት አንገቷን ነቀነቀች፤ ከልቧ አዘነችለት። ሐዘኑ እውነት መሆኑ ነገሩን አከበደባት።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ሰርቨር ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሁሉም በካልሲ ቆሙ።

«ዘሚካኤል አልወደቀም» አለች። «ሰው ገፍቶት ከዚህ ብረት ጋር ተጋጨ። መሰላሉ የገባው ከሞተ በኋላ ነው። የገፋው ሰው ግን ለመግደል አልመጣም። ወለሉ ላይ የጫማ ዱካ የለም፤ እንደ ደንቡ ጫማውን አውልቆ፣ ሊለምን ነው የገባው።»

ወደ ዲኑ ዞረች።

«ዶክተር፣ ፋይሎቹ ምን እንደሆኑ ያውቃሉ?»

«ከየት አውቄ? መስመሩ ዝግ ነው።»

«መምህርት አቻምየለሽም አታውቅም። መምህር ገነነ ግን ፎልደራቸው ባዶ መሆኑን ነገሩኝ። የት አዩት?»

«ከቢሮዬ... መስመሩ ሳይዘጋ» አለ ገነነ።

ሥርጉት በዲኑ ፈቃድ ማሽኑን አስከፈተች፤ አቻምየለሽ ቁልፎቹን ነካካች።

«የመምህር ገነነ ፎልደር መቼ ነው ባዶ የሆነው?»

አቻምየለሽ ስክሪኑን አየች፤ ከዚያ ገነነን አየች። «ወደ ማታ ነው። መስመሩ ከተዘጋ ብዙ ቆይቶ።»

«እንግዲያው ባዶነቱን ማየት የሚቻለው ከዚህ ስክሪን ፊት ብቻ ነበር» አለች ሥርጉት። «ከዘሚካኤል ጋር ቆሞ።»

ገነነ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ሰርዞብኝ ነው!» አለ። «ሃያ መምህራን፣ አብዛኞቹ አፈር የለበሱ፣ በአንድ ቀን! እለምነዋለሁ ብዬ ገባሁ፤ ስክሪኑ ላይ ፎልደሬን ባዶ አየሁት። ‹ቆይ ላሳይህ› አለኝ። ምኑን ያሳየኛል? ባዶውን? ገፋሁት። መሞቱን ሳይ መሰላሉን አመጣሁ።»

«‹ነባር›ን ክፈቺው» አለች ሥርጉት፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

አቻምየለሽ ከፈተች። የእሷም ድንች አለ። የዲኑም አለ። ከታች ደግሞ የገነነ የድምፅ ቅጂዎች በየመምህሩና በየደብሩ ስም ተለይተው ተደርድረዋል፤ ባለቤቱ እንኳ እንዲህ አላስተካከላቸውም ነበር። ዘሚካኤል ከቀትር እስከ ማታ ሲሠራ የዋለው ይህን ነው።

ገነነ በእጁ እየዳኸ ወደ ስክሪኑ ቀረበ። አቻምየለሽ ሳታስበው አንዱን ነካችው፤ ክፍሉ ውስጥ የሽማግሌ ድምፅ ተሰማ። ቅኔውን ዘርፈው ሲጨርሱ ሳል ያዛቸው፤ ከዚያም «ገነነ፣ ልጄ፣ ያዝኸው?» አሉ።

«ይዤዋለሁ፣ የኔታ» አለ ቅጂው ውስጥ ያለው ወጣት፣ በደስታ።

ገነነ ግንባሩን ከወለሉ ጋር አጣብቆ ጮኸ። ሥርጉት ካቴናውን ከኪሷ አውጥታ፣ ጩኸቱ እስኪያልቅ በእጇ ይዛው ቆመች።